የታጠበው ሳህን

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዘነበች፤ የደብረ ሲና ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ የመጣሁት ከጥጥ መዳመጫው የሚወጣውን ብናኝ ልለካ ነው። ብናኙ እንዲያርፍባቸው በየጣሪያው ያስቀመጥኳቸውን ሳህኖች በሳምንቱ ስሰበስብ፣ የልጅዎ የሙሉ ቤት ሳህን ብቻ ታጥቦ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት። ቆሻሻ ዕቃ ይዘው እንዳይሄዱ አፍሬ ነው» አለችኝ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ።

«ጣሪያ ላይ ወጥተሽ?» ስላት ሳቀች፤ ሳቋን ግን ሳል አቋረጣት።

አላመንኳትም። መዳመጫው ውስጥ ተቀጣሪ ናት፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ሳህኖቼን አይወዳቸውም።

እትዬ፣ አሞኛል ብለው ለክረምቱ ያስጠሯት። እኔ መጻፌን አይንገሯት። ከመኪና ስትወርድ ዕቃዋን የሚይዝላት ሰው ይላኩ፤ ዳገቱንም ቀስ ብላ ትውጣው።

በደህና ያገናኘን።

ታናሽዎ ደምሴ