ከግድቡ ሥር ለምንኖር ሰዎች ስለተላከልን መጽናኛ

ለተከበሩ የአውራጃው የውሃና የግድብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ እንዲሁም ኮረብታ ላይ ለተሠራው ቤትዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ሄስተር ፓርዶ እባላለሁ፤ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ መምህርት ስሆን የምኖረው በታችኛው ኦርልኮት፣ ከአሮጌው የአፈር ግድብ ግርጌ ነው። ስላደረጉልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ዝናብ ከጠፋ አምስት ሳምንት በሆነው በኦገስት ወር መቃብር ቆፋሪያችን ሴድሪክ ዮ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲቆፍር ከጉድጓዱ ውስጥ ቡናማ ውሃ ፈለቀበት። ጭቃውን ሳይጠርግ ደጃፌ ድረስ መጥቶ፣ «እትዬ ሄስተር፣ ሠላሳ ዓመት ስቆፍር እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ ውሃው እኮ ከታች ነው የሚመጣው!» አለኝ። በዚያው ቀን ጻፍኩልዎት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የላኩልን መርማሪ ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ከግቢው በር ላይ ቆመው «ጤዛ ነው» ብለውን ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጤዛ የሚወርድልን ሰዎች መሆናችንን ስላሳወቁን ከልብ እናመሰግናለን።

2ኛ. በግድቡ ትከሻ ላይ እጄን እስከ ክርኔ የሚያስገባ ስንጥቅ ማግኘቴን በሁለተኛው ደብዳቤዬ ብገልጽልዎት፣ በግድቡ ዙሪያ ስለሚታዩ ዳክዬዎች የሚያትት ባለቀለም መጽሔት ልከውልኛል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው።

3ኛውን በወጉ መጻፍ አልቻልኩም። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የግድቡ ጎን ተናደ። ሴድሪክ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደውሎ ሰዉን ካስወጣ በኋላ፣ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን ጎረቤቴን አቶ ዊልፍሬድ ቶዘርን የምናወጣበት ብናጣ የሬሳ ሣጥን በሚጫንበት ጋሪ ላይ አስተኛናቸው።

«ቀስ በል እንጂ፣ ገና አልሞትኩም እኮ!» አሉ።

«አባባ፣ ዝም ብለው ይያዙ! ከቆየን ሦስታችንም አንድ ላይ ነው የምንቀበረው» አላቸው ሴድሪክ፣ ጋሪውን እየገፋ።

እኔ ከኋላ ስገፋ ዞር ብዬ ማየት አልደፈርኩም፤ ውሃው ማጅራቴ ላይ የደረሰ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት እንኳ ጠፋብኝ። ላይኛው ኦርልኮት አዳራሽ ስንደርስ አቶ ዊልፍሬድ እጄን ይዘው አለቀቁኝም።

ግድቡ ግማሹ ተንዶ ግማሹ ቆመ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አራት ቀን የግድቡን ውሃ በፓምፕ ሲቀንሱ ሰንብተው ሄዱ፤ የሞተ ሰው የለም። ትናንት ደግሞ «አደጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ወደየቤታችሁ ተመለሱ» የሚለው ደብዳቤዎ ደረሰን። ሌላ መግቢያ ስለሌለን ተመልሰናል። የተናደው ጎን ላስቲክ ለብሷል፤ ነፋስ ሲያንኮሻኩሸው መንደሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይቆማል። ያን ቀን ሲቀልዱ የነበሩት አቶ ዊልፍሬድ ዛሬ አይቀልዱም፤ ጋሪው ከአልጋቸው አጠገብ እንዲቆምላቸው ለምነውን አቁመንላቸዋል። ክቡርነትዎ፣ ፈርተናል። የቀረውን ውሃ ያስወጡልን። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ አንድ ሳምንት መጥተው አብረውን ይኑሩ፤ ግድቡን ፊት ለፊት የሚያሳየውን ክፍሌን እለቅልዎታለሁ።

ስለ ደኅንነታችን ከእኛ ይበልጥ እርግጠኛ ለሆኑት ለእርስዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በመግለጽ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ የጻፍኩልዎት፣

ሄስተር ፓርዶ

ማሳሰቢያ፦ ከእኛ በታች ባለው ከተማ በሚገኘው ቅርንጫፍ ቢሮዎ በጽዳት ሥራ የምታገለግለው የሴድሪክ እኅት እንደነገረችን፣ ወደየቤታችን እንድንመለስ በጻፉልን ዕለት ሠራተኞችዎ የምድር ቤቱን ፋይሎች በሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ሲያወጡ ውለዋል። ወረቀቶቹ እንኳን ተረፉ።