የናርሲሶን እጅ ስለቆረጠው ባለ አርባ ፈረስ ጉልበት ሞተር

ለክቡር አቶ ሄርሞጌነስ ባልዶናዶ፣
የፑንታ ሂላስ ወደብ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ አሥሩም ጣቶችዎ በቦታቸው እንዳሉ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ ቤት የጣት ዋጋ በቅርቡ ታውቋል።

እንደሚያስታውሱት፣ አባቴ እሑድ እሑድ ቤተሰቡን ያንሸራሽርባት የነበረችው አሮጌ ጀልባችን ሞተሯ ሞተ። ምትክ ለመግጠም ፈቃድ ልጠይቅ ስመጣ ላደረጉልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ጀልባዋ የተመዘገበችው በባለ አርባ ፈረስ ጉልበት ሞተር ስለሆነ ምትኩም ከዚያ እንዳያንስ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ መበስበሱን አስረድቼ፣ ወይ ባለ አሥራ አምስት እንዲፈቀድልኝ፣ ወይ ሳንቃውን እስክቀይር ጊዜ እንዲሰጠኝ ለመንኩ። «ኢንጂነር፣ ባሕሩ ዲግሪህን አያነብም። እስከ ዓርብ ካልገጠምክ ጀልባህን ጎትተን እናቃጥላታለን» አሉኝ። ጸሐፊዎ በጣም ሳቀች።

2. ለሙከራው መርማሪዎን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። መሪውን የያዘው የባለቤቴ ወንድም፣ ጊታር ሠሪው ናርሲሶ ነበር። መርማሪው በሙሉ ኃይል እንዲነዳ አዘዘው። ሳንቃው ተገነጠለ፤ ሞተሩም ምላጩ እየተሽከረከረ ወደ ጀልባዋ ውስጥ ዘለለ፣ የናርሲሶን ግራ እጅ ከአንጓው ቆርጦ ባሕር ገባ። ደሙ ፊቴን ሸፈነው። ናርሲሶ «ወንድሜ፣ ቀለበቴን ፈልግልኝ» ብቻ አለኝ።

3. ሆስፒታል ድረስ መጥተው ስላጽናኑን ደግሞ ምን ብዬ ላመስግንዎ? «እንደ ልማዱ ሞተሩ ላይ የዶሮ ደም ሳትረጩ ወጣችሁ፤ ባሕሩ ድርሻውን ወሰደ» አሉት ፋሻውን እያዩ። ክቡር ሆይ፣ አማቴ በሙከራው ዕለት ማለዳ ቀይ ዶሮ በሞተሩ ላይ አርደው ደሟን ረጭተው ነበር። ሥጋዋን የበላው መርማሪዎ ነው። አጥንቱን ሲግጥ አይቻለሁ።

4. ሞተሩን ከባሕር ባለማውጣቴ «ባሕር በመበከል» ስለከሰሱኝም አመሰግናለሁ። አብሮት የሰመጠው እጅ በክሱ አልተጠቀሰም፤ ቸርነትዎ ይሆናል።

እውነቱን ልንገርዎ፤ የክሱ መጥሪያ የደረሰኝ ዕለት መጥረቢያ ይዤ ቢሮዎ ደጃፍ ድረስ መጥቻለሁ። በሩን ሁለት ቦታ ፈለጥኩት፤ እርስዎ ምሳ ላይ ነበሩ። ባለቤቴ ሊጋያ ደርሳ «አንድ እጅ ጎድሎናል፤ አሁን ደግሞ አንተን ለእስር ቤት እንገብር?» ብላ መጥረቢያውን ነጠቀችኝ። ለሕይወትዎ እርሷን ያመስግኑ፤ እኔን ግን አያምኑኝ።

ልመናዬ አንድ ነው። ለቅዱስ ቪሴንቴ በዓል በባሕር ላይ ለሚደረገው ሰልፍ የሚወጡት አሮጌ ጀልባዎች ሁሉ ትልቅ ሞተር እንዲገጥሙ ይኸው ትእዛዝ ደርሷቸዋል። ሳንቃቸው ከእኔ ጀልባ ሳንቃ የተሻለ አይደለም። የሚሳፈሩባቸው ደግሞ የደብሩ መዘምራን ልጆች ናቸው። ትእዛዙን ከበዓሉ በፊት ይሻሩት።

ሁለቱም እጆቼ ስላሉኝ፣ ሁለቱንም አጣምሬ ለክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

አንሴልሞ ካባሁግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዙ ካልተሻረ በሰልፉ ዕለት የክብር ቦታ አዘጋጅተንልዎታል፤ ከሁሉም አሮጌ በሆነችው ጀልባ፣ ከሞተሩ አጠገብ። የጀልባ ባለቤቶች በሙሉ ተስማምተናል፤ እርስዎ እዚያ ሳይቀመጡ አንድም ሞተር አይነሳም።