ሌንሱን ለምን ለእኔ ሰጠኸኝ

ታዴዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ሙት ዓመትህም ሊደርስ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። አሁንም እንደተቀየምኩህ ነኝ፤ ግን ለአንተ ካልተናገርኩ ለማን ልናገር?

ቤቱ ደህና ነው። ለቡ ግን አንተ የምታውቃት አይደለችም። ከበረንዳችን ፊት ለፊት የነበረው ሜዳ ላይ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ አቧራው መስኮት አያስከፍትም። ያቺ አመሻሽ አመሻሽ ፎቶ የምናነሳት ጭልፊት የምታርፍበት ባሕር ዛፍም ተቆርጧል፤ አሁን የምታድረው ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ጥድ ላይ ነው። ያንን ረጅም የካሜራ ሌንስህን አልጋ ሥር ከትቼ ዓይኑን ሳላይ ከረምኩ።

ከሥራ ስትመለስ ሻይህን እንኳን ሳትጨርስ፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው እያልክ ታጣድፈኝ ነበር። አንተ ፎቶ አንሺ፣ እኔ ቦርሳ ተሸካሚ። አንድ አመሻሽ ላይ ግን ሌንሱን ከነካሜራው እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ዓይኑን ረዘም አድርጎ ይከፍታል፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ወፏ ጭስ ትሆናለች፣ ያንቺ እጅ ደግሞ ከእኔ ይረጋል አልከኝ። ክርኔን ከጎኔ እንዳጣብቅ፣ ትንፋሼን ቀስ ብዬ አውጥቼ እንድይዝ፣ ከዚያ እንድጫን አሳየኸኝ።

ከዚያ በኋላ ሌንሱን አልነካኸውም። እኔ ሳነሳ አንተ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር። ቦታህን የለቀቅክልኝ መስሎኝ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ለጎረቤቱ ሁሉ እያወራሁ አሰለቸኋቸው።

ለካ እነሱ ያውቁ ነበር። ለቅሶህ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወንድምህ ግርማ እያለቀሰ አመለጠው፤ ልብህ ታሞ እንደከረመ፣ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ እንደከለከለህ። ለእሷ እንዳትነግሯት ብለህ ያስማልካቸው አንተ ነህ አሉ። እናትህ ያውቃሉ፣ የዕድሩ ሰዎች ያውቃሉ፤ ቤቴ እየመጡ፣ የእጄን ምግብ እየበሉ፣ በፊቴ እየሳቁ ከርመዋል። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደሚደበቅ፣ መርዶም ጎህ ሲቀድ እንደሚነገር አላጣሁትም። ግን የሚደበቀው ለሩቅ ሰው ነው እንጂ ጎንህ ለምትተኛ ሚስት ነው? ከድተኸኛል፣ ታዴ። ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ።

ብትነግረኝ ኖሮ ሌንሱን ወደ አንተ አዞረው ነበር። ያን ሁሉ አመሻሽ ያነሳሁት ጭልፊት ብቻ ነው፤ ድንጋይህ ላይ ተቀምጠህ ያነሳሁህ አንድም ፎቶ የለኝም። ከኋላዬ እያለቅክ እኔ ዛፍ ዛፉን አያለሁ።

ደግሞ የእጄ ነገር አለ። እጅሽ ይረጋል ያልከኝ እውነትህን ነበር ወይስ ማንሳት ስላቃተህ? ይህን እያሰብኩ ስንቴ ከእንቅልፌ ተነሳሁ መሰለህ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ አንተ ካሜራ አውሰኸኝ ሄድክ።

ትናንት ግን መታገሥ አልቻልኩም። ሌንሱን ከነካሜራው ከአልጋ ሥር አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ ታክሲ ይዤ ሀና ማርያም ሄድኩ። ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ ሰማዩ ላይ ትንሽ ቅላት ቀርቷል። ጭልፊቷ ከጥዱ ጫፍ ላይ ነበረች። ክርኔን አጣበቅኩ፣ ትንፋሼን አውጥቼ ያዝኩ፣ ተጫንኩ። ሳየው የደረቷ ላባ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዓይኗ ውስጥ የቀረችው ብርሃን እንኳን ትታያለች። እጄ ይረጋል፣ ታዴ። በዚህስ አልዋሸኸኝም። ላሳይህ ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ማንም የለም። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ከልቤ አለቀስኩ።

ፎቶውን አሳጥቤ ከአንተ ፎቶ አጠገብ እሰቅለዋለሁ። አልረሳህም፤ እንዴት እንዳስተማርከኝም፣ እንዴት እንደሸወድከኝም አልረሳም። ይቅርታው ገና ነው፤ አትቸኩል። ይቅር ያልኩህ ቀን ግን መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ። እኔ ምንም አልደብቅህም።

ሚስትህ አልማዝ