ያልበላሽው ምሳ

እንጅባራ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቅዳሜ ከባጃጇ ስትወርጂ ግራ እግርሽን ሳብ ስታደርጊ አይቼሻለሁ፤ ስጠይቅሽ ምንም አይደለም ብለሽ አለፍሽኝ። የአባዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ጠብታውን በሰዓቱ ይደረግለት፤ እሱ ዳንኩ ካለ ማንንም አይሰማም። ወንድሜ ምስጋናውስ ደህና ነው? ከብቶቹስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህችን እግዚአብሔር ይመስገን ሁለታችንም ስለምንላት ደስ ትለኛለች።

ምነው ስልክ አትደውልም ትዪ ይሆናል። በስልክማ ማውራት አልቻልንም። አባዬ ጆሮው ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ እኔ እዚህ ሳስነጥስ እዚያ ጎረቤቱ ይማርሽ ይላል። ይህ ግን ለአንቺ ብቻ የሚሆን ወሬ ነው። በአገውኛ ባወራሽ ይቀለኝ ነበር፤ አንቺ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽው በአማርኛ ነውና በዚያው ጻፍኩልሽ። እንደ ልማድሽ ጣትሽን ከሥሩ እያስኬድሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ብቻ ምድጃው ላይ ወጥ ጥደሽ አታንብቢ፤ ያርርብሽና በእኔ ታሳብቢያለሽ።

ጉዳዬ የቅዳሜው ምሳ ነው። ከምስጋናው ጋር አባዬን ልትወስጂ መጥተሽ፣ ሰው ሁሉ ማዕድ ቀርቦ ሲበላ፣ አንቺ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ከነጠላሽ ጫፍ የቋጠርሽውን ቆሎ ስትቆረጥሚ ዋልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሽ ነበር።

መሐላሽን ረስቼ አይደለም። ጌታን ተቀበልኩ፣ ጢሞቲዎስንም ላገባ ነው ብዬ የመጣሁ ዕለት፣ ልጅነትሽን አልክድም፣ ከቤትሽ ግን እህል አልቆርስም ያልሽውን እኔ ብረሳው መንደሩ አይረሳውም። በጎረቤት ፊት ነው የማልሽው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ሆኖ፣ ቤዛዊትን ስወልድ እንኳ፣ ሆስፒታል ድረስ መጥተሽ ስመሽኝ ተመለስሽ እንጂ ደጄን አልረገጥሽም። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹን በሚኒባስ ረዳት እጅ ከአዲስ ቅዳም ትልኪልኛለሽ። ጥሬውን ትልኪያለሽ፤ ሲበስል ግን አታውቂኝም። አባዬ ዓይኑን ታክሞ እኔ ቤት ባያገግም ኖሮ ቅዳሜም አትመጪም ነበር። ሐኪሙን ሳየው እንዲያው እጁን ልሳም አልኩ፤ ለአባዬ ብቻ አይደለም።

አባዬማ ሳምንቱን በሙሉ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። መጀመሪያ ቀን ያቀረብኩለትን አየት አደረገና፣ ሐኪሙ በደንብ ብላ ብሎኛል ብሎ ቆረሰ። ፋሻው ሲፈታለት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ከስተሻል አለኝ። እኔ ከሠርጌ ወዲህ ወፍሬ እንጂ ከስቼ አላውቅም፤ ያም ሆኖ ደስ አለኝ።

እንግዲህ አንቺ ስላልበላሽ፣ ያልበላሽውን በወረቀት ላቅርብልሽ። በወረቀት መብላት መሐላ አያፈርስም።

አንደኛ፣ ሁሉም የጾም ነበር። ሁዳዴ መሆኑን ረስታ ቅቤ ታስገባለች ብለሽ ሰግተሽ እንደሆነ አትስጊ። የኔ ድስቶች ሁሉ ቅቤ ስለሚያውቁ ገበያ ወጥቼ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛሁ፤ በጎመን ዘር አሟሸሁት፤ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር አልነካውም። ሳህኑንና ጭልፋውን የሰጠችኝ ጎረቤቴ ልክየለሽ ናት። ልክየለሽ ረቡዕና ዓርብን እንኳ የማታጎድል ጿሚ ናት፤ እንጀራውም የጤፍና የዳጉሳ ሆኖ እሷው ቤት ነው የተጋገረው። ይህን ሁሉ የማደርገው ለማን እንደሆነ ጠይቃኝ ለእናቴ ስላት፣ እናትሽ አትበላም አላልሽም ወይ አለችኝ። አትበላም፣ ግን ብትበላስ አልኳት።

ስልጆውን ከሳምንት በፊት ነው የጀመርኩት። የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውሃ አንተክትኬ፣ ሲቀዘቅዝ ስናፍጩንና ነጭ ሽንኩርቱን መትቼ ጨመርኩበትና ከድኜ አስቀመጥኩት። እንደ አንቺ ለሰለስ አላለልኝም፤ ስናፍጩም ሳይበዛ አልቀረም። ምስጋናው አንድ ጊዜ ጎርሶ እንባው ግጥም አለ። ጢሞቲዎስ ሊስቅበት አፉን ሲከፍት የራሱ ጉርሻ ደረሰበት። ስለ ሃይማኖት በተነጋገሩ ቁጥር የሚኳረፉት ሁለቱ ሰዎች በስልጆ ተላቀሱ።

ሽሮው ራስሽ የላክሽው ነው። ለአባትሽ ብቻ ነው ብለሽ ነበር የላክሽው፤ አንድ ዓይኑን የታመመ ሰው ያን ሁሉ ሽሮ በሳምንት ይጨርሳል ብለሽ እንደሆነ አላውቅም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልቼ፣ ዘይቱን ኋላ ጨምሬ፣ ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየበተንኩ አማሰልኩት። ጓል አልያዘም። ጎመኑን ቀንጠብ ቀንጠብ አድርጌ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ሠራሁት፤ ቤዛዊት ሁለት ጊዜ አስጨመረች፤ ያቺ ጎመን ሲባል የምታለቅስ ልጅ።

ዋናው የድንች አልጫው ነበር። አዲሱ ድስት ለእሱ ነው የተገዛው። ድንቹ ከጓሯችን ነው፣ ያ ቀዩ አፈር እንኳ ገና አልለቀቀውም ነበር። ሽንኩርቱን ቀለሙ ሳይለወጥ አብስዬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ አድርጌ፣ ድንቹን ከሁለት ከሁለት ብቻ ከፍዬ ጨመርኩት። ጨዉን ግን ለመጨረሻ ተውኩት። ድንች ጨው ቀድሞ ካየ ልቡ ይደነድናል የምትዪውን አንድም ቀን አልፌው አላውቅም። አቀማመሱንም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ጭልፋ ላይ ከንፈር አይደረግም፣ ወጥ በመዳፍ ጠብ ተደርጎ ነው የሚቀመሰው እያልሽ። ስንት ጊዜ በማማሰያ እጄን መትተሽኛል።

ታዲያ ድንቹ በስሎ ጨዉን ላነሣ እጄን ስዘረጋ ባጃጇ ደጅ ላይ ቆመች። በቃ፣ ሁሉንም ጥዬ ሮጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ሰማያዊውን ቀለም ከላይ እስከ ታች አየሽው፤ ጢሞቲዎስ የቀባው ነው፣ ገና ሽታው አልለቀቀውም ብዬሽ ነበር። ግቢ ስልሽ ገባሽ። አባዬን ሳምሽው፣ ዓይኑን ወደ ብርሃን አዙረሽ አየሽው፣ ቤዛዊትን አቀፍሻት። ከወንበሩ ተቀመጪ ስልሽ ግን እምቢ ብለሽ፣ እሳቱን ልይልሽ ብለሽ ወደ ማድቤት አለፍሽ። እኔም እንጀራውን ላመጣ ልክየለሽ ቤት ሄድኩ። ልክየለሽ ደግሞ ደግ ሴት ሆና ሳለ እንዴት አደርሽ ለማለት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል። ስመለስ አንቺ በረንዳው ላይ ቆሎሽን ፈትተሽ ተቀምጠሻል፤ ድስቱም እንደተከደነ ነበር።

አባዬ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፣ ጢሞቲዎስም በራሱ መንገድ ጸለየ፤ ማዕዳችን ሁለት ጊዜ ተባረከ። ስጠራሽ ሆዴን ነፍቶኛል አልሽ። ቤዛዊትን ሳህን አስይዤ ላክሁብሽ፤ ግንባሯን ስመሽ ከነሳህኑ መለስሻት። የተቀየምኩት ያን ጊዜ ነው። ልጄ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እያየች ስትመለስ፣ እህህ ብዬ ዋጥኩት። ለእኔስ ይሁን፣ ለእሷ እንዴት እምቢ ይባላል አልኩ በልቤ። ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ግን ይህን ሳልነግርሽ፣ ሌላውን ብነግርሽ አይገባሽም።

አባዬ አልጫውን ጎረሰ። አላምጦ ዋጠ። ከዚያ፣ ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ የበላሁት የአንቺን ነው፣ አልከፋኝም፤ ዛሬ ግን ገና ከዚህ ሳልነሣ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ አለ።

ጨዉ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

እጄ ከትሪው ላይ ቀረ። እንግዳ ጠርቼ፣ ወንድሜና አባቴ ተቀምጠው፣ አልጫውን አልጫ አድርጌ አቀረብኩት አልኩ። ምስጋናው ይህን ካወቀ ዕድሜ ልኬን ይጫወትብኛል፤ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ የምትለዋን ተረት ገና ሳይናገራት በጆሮዬ ሰማኋት። ቶሎ ቆረስኩና ጎረስኩ።

እማዬ፣ ጨው ነበረው። ነበረው ብቻ አይደለም፣ ልክ ነበር። እኔ እስካሁን የጨው ልክ አልገባኝም፤ ወይ ያንሰኛል ወይ ይበዛብኛል፣ ጢሞቲዎስ ከፍቅሩ ብዛት አይናገርም እንጂ። ይኼኛው ግን ድንቹ ውስጥ ድረስ የገባ፣ ሳይጮህ የሚጣፍጥ ነበር። ቀስ ብዬ ጢሞቲዎስን ማድቤት ገብተህ ነበር ወይ አልኩት። እኔ ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ መቼ አውቃለሁ አለኝ። እኔ እኮ ስለ ጨው አልጠየቅኩትም፣ ፊቴን አይቶ ነው። ምስጋናው ደግሞ ከአባዬ ጎን አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም። አልጫው ተጠርጎ ተበላ።

ልትሄዱ ስትሉ ባጃጇ ደጅ ላይ ሆና ጥሩምባዋን ስታሰማ፣ አንቺ ነጠላሽን ልታስተካክዪ እጅሽን ከፍ አደረግሽ። ግራ መዳፍሽ መሐል ላይ ቢጫ ነገር አየሁ፣ አንድ ብር ሳንቲም ታህላለች። ዓይኔን ስታዪ እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ከተትሽው። እኔም የበራችን ቀለም ነክቶሽ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በራችን ሰማያዊ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የበሩ ቀለም ይሁን፤ ማንም ቢጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው።

ከሄዳችሁ በኋላ ዕቃ ሳጥብ ድስቱን ለመጨረሻ አስቀረሁት። በእንጀራ ጠርዝ ጠርዙን ጠርጌ በላሁና ቆሜ አለቀስኩ። ቅያሜዬ ከየት እንደወጣና የት እንደገባ አላውቅም፣ ብቻ የለም። ጢሞቲዎስ መጥቶ ምን ሆንሽ ሲለኝ ስናፍጩ ነው አልኩት። እሱም የዋህ ነው፣ አዎ በዝቷል አለኝ።

ናፍቀሽኛል እማዬ። እዚሁ ቅርብ ሆነሽ ነው የምትናፍቂኝ፣ ለዚህ ነው የሚብሰው። መሐላሽን አፍርሺ አልልሽም፤ በሰው ፊት የማልሽውን በሰው ፊት ጠብቂው። እኔም ያገኘሁትን እምነቴን አልተውም፤ ይህንንም ታውቂያለሽ። በዚህ በኩል ሁለታችንም ግትሮች ነን፣ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አባዬን ጠይቂው።

አዲሱን ድስት አጥቤ መደርደሪያው ላይ ደፍቼዋለሁ። ቅቤ አይነካውም። የአባዬ የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ነርሷን አነጋግሬ ቅዳሜ ላይ እንዲውል አድርጌአለሁ። ያኔ ጾም ስለሌለ ለእነሱ ዶሮ ይሠራል፣ ምስጋናው መጥቶ ባርኮ ያርድልኛል። በአዲሱ ድስት ግን ያንኑ የድንች አልጫ እሠራለሁ፣ ያለ ቅቤ፣ በዘይት ብቻ። ድንቹ ሲበስል እከድነዋለሁ። ጨዉን ከምድጃው አጠገብ፣ በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባጃጇ ስትደርስ እኔ እንጀራ ላመጣ ልክየለሽ ቤት እሄዳለሁ። የልክየለሽን ነገር ነግሬሻለሁ፤ ቶሎ አትለቀኝም።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ጉልበትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ የአባዬን ዓይን ያብራለት፣ እርሻችሁን ከበረዶ፣ ከብቶቹን ከክፉ ይጠብቅ። ፋሲካን በደስታ ያድርሳችሁ። ቤዛዊት አያቴ እጇ ምን ምን ይላል ስትለኝ እርድ እርድ ይላል አልኳት፤ የሁሉም አያት እጅ እንደዚያ ነው ብዬ አሳመንኳት። እሷም ጉንጭሽን ትስማለች።

ጨው የምትረሳው ልጅሽ