ስለ ወይዘሮ ዶርሲላ አቡቶ ዕረፍት፣ የሕመማቸውም ስም በግልጽ ስለ መጻፉ

ከኪሱሙ ሐይቅ ዳር የዓሣ ነጋዴ ሴቶች ማኅበር
ለአባላት፣ ለገበያው ማኅበረሰብና ለከተማው ሕዝብ በሙሉ

የማኅበራችን ነባር አባልና የጤና ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዶርሲላ አቡቶ ማክሰኞ ማርች 5 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከነጋ በኋላ፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በጡት ካንሰር ምክንያት ከመካከላችን ተለይተዋል። ማኅበራችን ይህን የሚያስታውቀው ሐዘኑ ከብዶት ነው። የሕመሙን ስም የጻፍነው በስሕተት ወይም በድፍረት አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

ወይዘሮ ዶርሲላ በአሌጎ ተወልደው፣ የአሴምቦውን ጀልባ ሠሪ አቶ ዛብሎን ኦኩሙን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ ኪሱሙ መጥተው ኦሜና የምንለውን ትንሹን ደረቅ ዓሣ መሸጥ ጀመሩ። በሚዛናቸው የተጣላቸው ሰው አልነበረም። ገበያው «የአሌጎ ልጅ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ «ማማ ዶርሲላ» ተባሉ።

በኦክቶበር 2009 የጡት ካንሰር የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገበያችን መጣ። ሙዚቃ ነበር፣ ንግግር ነበር፤ ለአራት መቶ ሴቶች ሮዝ ካናቴራ ታደለ። በዕለቱ የተመረመረች ሴት ግን አልነበረችም፤ የሚመረምር ባለሙያ አብሮ አልመጣምና። ካናቴራው በሳምንቱ ዓሣ መጥረጊያ ጨርቅ ሆነ። ወይዘሮ ዶርሲላ ግን ከካናቴራው ጋር የተሰጠውን ወረቀት ቤታቸው ወስደው፣ በሥዕሉ መሠረት ራሳቸውን ሲፈትሹ በግራ ጡታቸው ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት አገኙ። ዘመቻውን ያመጡትን ሰዎች ፈልገው አጡ። በራሳቸው መንገድ ሆስፒታል ደርሰው፣ በዲሴምበር ወር ግራ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ።

በ2010 ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የሆነውን ማኅበራችን ዛሬ ሊሸፍነው አይፈልግም። ገሚሱ ሰው ሕመሙን ቺራ ነው አለ፤ የአባቶችን ሥርዓት ያፈረሰ ሰው የሚያገኘው መርገም ነው ማለቱ ነው። ገሚሱ ደግሞ በዓሣው በኩል ይተላለፋል ብሎ ፈራ። ደንበኛ ሸሸ፤ አባላት አቤቱታ ጻፉ። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችንም አቤቱታውን ተቀብሎ መደባቸውን ከመሃል ገበያ አንሥቶ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ አዛወረው። ውሳኔውን ያስታወቃቸው ደብዳቤ ቅጂ እስካሁን በመዝገብ ቤታችን ይገኛል። የጻፉት የዛሬዋ ሊቀመንበራችን፣ ያኔ የኮሚቴው ጸሐፊ የነበሩት ወይዘሮ ዩኒያ አዎር ናቸው። ይህ በዚህ መግለጫ እንዲጠቀስ ያዘዙትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ማኅበሩ በድሏል፤ ይቅርታውንም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸዋል፤ ዛሬ በአደባባይ ይደግመዋል።

ሟች ደብዳቤውን አንብበው፣ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱና ዕቃቸውን ተሸክመው ሄዱ። ዘመቻው እስኪመለስ ድረስ በዚያ ቦታ ሁለት ዓመት ተቀመጡ።

በኦክቶበር 2012 ዘመቻው ተመልሶ መጣ። ከሕመሙ የዳነች ሴት ካለች ወደ መድረክ ትውጣ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ወይዘሮ ዶርሲላ ከቆሻሻው በኩል መጥተው መድረኩ ላይ ወጡ። የተናገሩት በዕለቱ ቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

ለዘመቻው ሰዎች፣ «ከሦስት ዓመት በፊት ካናቴራ ሰጥታችሁን ሄዳችሁ። እኔ እብጠቱን አገኘሁት፤ እናንተን ግን አላገኘኋችሁም» አሏቸው።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተም ዓሣዬን ፈራችሁት። በሽታው ከዓሣ አይመጣም፣ ከአያት መርገምም አይመጣም። እኔ የቀረኝ አንድ ነው። ሁለት ያላችሁ ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ ፈትሹት» አሉ።

ከገበያው ዕቃ ተሸካሚዎች አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ማማ፣ ፈታሽ ከጠፋ እኔ አለሁ» ሲል ወንዶቹ ሳቁ። ወይዘሮ ዶርሲላ ሳይቆጡ፣ «በል መጀመሪያ የራስህን ፈትሽ ልጄ፤ ወንድንም ይይዛል» ብለው መለሱለት። ይህን ጊዜ ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ልጁም እጁን ሳያውቀው ደረቱ ላይ ማድረጉን የነበርን ሁሉ አይተናል።

በዚያው ሳምንት አሥራ አንድ ሴቶች ወደ ወይዘሮ ዶርሲላ መደብ ሄዱ። ገዢ መስለው ቆመው፣ ኦሜና እያሰፈሩ ያስጨነቃቸውን በሹክሹክታ ነገሯቸው። ኮሚቴው በ2013 ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዲመለሱ ቢወስንም አልተቀበሉም። «እዚህ ሰው አያየንም፤ ተዉኝ» ነበር መልሳቸው።

በ2015 ከሄዱት አንዷ ወይዘሮ ዩኒያ ነበሩ። እንደ ነገሩን፣ መደቡ ፊት ቆመው የኦሜናውን ዋጋ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ወይዘሮ ዶርሲላም፣ «ዩኒያ፣ ዋጋውን ታውቂዋለሽ። የትኛው ነው፣ ግራው ነው ቀኙ?» አሏቸው። ስለ ደብዳቤው አላነሡም። መደባቸውን በሸራ ሸፍነው በዚያው ሰዓት አብረዋቸው ሆስፒታል ሄዱ። እብጠቱ ገና በጊዜ ስለ ተገኘ ወይዘሮ ዩኒያ ታክመው ዛሬ በጤና ማኅበሩን ይመራሉ።

በ2016 በማኅበሩ ቢሮ ጎን አንድ የምርመራ ክፍል በሟች ውትወታ ተከፈተ፤ ማክሰኞ ማክሰኞም ነርስ እንድትቀመጥበት ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት፣ መርማሪ ይዞ ያልመጣ ወይም ሕመሙ የተገኘባትን ሴት እስከ ሕክምና የማያደርስ ዘመቻ በገበያችን እንዳይካሄድ በእሳቸው ሐሳብ አቅራቢነት ደንብ ወጣ። በዚህ ደንብ ምክንያት ሁለት ዘመቻዎች ትተውን ሄደዋል። ያን ጊዜ ከአባላት ብዙዎች አኩርፈው ነበር፤ ካናቴራው ቀረብን ያሉም ነበሩ። የቀሩት ዘመቻዎች ግን ከነመርማሪያቸው መጡ።

ነገሩን ሁሉ የተሳካ አድርገን ብናቀርብ ሟች ይታዘቡናል። በክፍሉ ካንሰር ከተገኘባቸው ስድሳ ሦስት ሴቶች መካከል ዛሬ በሕይወት ያሉት አርባ አንድ ናቸው። ሕመሟ ሲታወቅ ባሏ ያባረራት አለች። ወይዘሮ ዶርሲላ ከአቶ ዛብሎን ጋር ሆነው በየቤቱ እየሄዱ ሽምግልና ተቀምጠዋል፤ አንዳንዱ ታርቋል፣ አንዳንዱ እምቢ ብሏል። እምቢ የተባሉትን ሁለት ሴቶች ቤታቸው አስጠግተዋል።

ባለፈው ዓመት አጋማሽ ሕመሙ በአከርካሪያቸው ተመልሶ መጣ። በፌብሩዋሪ ወር የኮሚቴ አባላት ሊጠይቋቸው ሲሄዱ የሚከተለውን አደራ ሰጡ፦ «ስሞት ‹ባደረባት ሕመም› ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሕመሙ ስም አለው። ግን ዓሣዬን እየሸጥኩ አሥራ አራት ዓመት እንደ ኖርኩም ጻፉ። አለዚያ ሴቶቹ ይፈራሉ።»

ካረፉ በኋላ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም፣ የሟች ሴት ልጆችና የልጅ ልጆች ስም በክፉ እንዳይነሣ በማሰብ፣ ሕመሙ ሳይጠቀስ እንዲታለፍ ጠይቀው ነበር። ጭንቀታቸው ይገባናል። አቶ ዛብሎን ውሳኔውን ለልጆቹ ተዉት፤ ታላቋ ልጅ ወይዘሮ ፕሊስታም፣ «እናታችን በድምፅ ማጉያ የተናገረችውን እኛ በየት እንደብቀዋለን?» አሉ። አጎታቸውም ተስማሙ።

ሟች የፈሩት አልቀረም። ትናንት ማክሰኞ በምርመራ ክፍላችን ከሚጠበቁት ዘጠኝ ሴቶች የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። «እሷም ሞተች፤ ምን ጠቀማት?» የሚል ወሬ በገበያው እየዞረ ነው። የጠቀማቸውን እንናገራለን። ከቀዶ ሕክምናቸው በኋላ አሥራ አራት ዓመት ከሦስት ወር ኖረዋል። ሦስቱን ልጆቻቸውን ድረዋል፤ አምስት የልጅ ልጆች አቅፈዋል። ደብዳቤ የጻፈችባቸውን ሴት እጅ ይዘው ሐኪም ፊት አድርሰዋል።

ማኅበራችን ለአቶ ዛብሎን ኦኩሙ፣ ለልጆቻቸው፣ ለአሌጎና ለአሴምቦ ዘመዶቻቸው፣ አብረዋቸው ለሠሩ የኮሚቴ አባላትና ለነርሷ መጽናናትን ይመኛል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዓርብ ማርች 15 ቀን በአሴምቦ በባለቤታቸው ግቢ ይፈጸማል። አውቶቡስ ከገበያው በር ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል።

ዓርብ በሆስፒታሉ የካንሰር ሕክምና የሚሰጥበት ቀን መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ቀጠሮ ያላችሁ እህቶቻችን አውቶቡሱ ላይ እንዳትሳፈሩ። በእኛ ዘንድ ከለቅሶ መቅረት ምን ያህል እንደሚያስቀይም ስለምናውቅ ቤተሰቡን አስቀድመን አነጋግረናል፤ የሚቀየማችሁ የለም። ወደ ሆስፒታላችሁ ሂዱ። እኛም በአሴምቦ የእናንተን ቦታ ባዶ እያየን እንጽናናለን።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ኪሱሙ፣ ማርች 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.