መስኮቱ ላይ ያየሁት ፕላስተር

ይድረስ ለልጄ ለያብስራ፣ ዩክሬን፣ ዶኔትስክ። ቅዱስ ቂርቆስ ከእሳት ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ጎረቤታችን ጀማነሽ ግን በዜና ሰዓት ስገባ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች። «ምነው?» ስላት፣ «ራሴን አሞኝ ነው፣ እትዬ ሸዋአየሁ» ትላለች።

ወንድምህ ባድሜ ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ፣ መርዶው እስኪነገረኝ ሁለት ወር «ደህና ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜ ሹራብ ሠራሁለት።

አንተም «ጦርነቱ ከዩኒቨርሲቲያችን ሩቅ ነው» ብለህ ፎቶ ላክህልኝ። ታዲያ ከኋላህ መስኮቱ ላይ ፕላስተር የለጠፋችሁት ለምንድን ነው? እኛም በሰማንያ ሦስት የጥይት መጋዘኑ ሲፈነዳ መስታወቱ እንዳይረግፍብን ለጥፈን ነበር።

እመቤቴ በደህና ትመልስህ። እውነቱን ራስህ ጻፍልኝ። እስከዚያው አልጋህን ከመስኮቱ አርቀው።

እናትህ ሸዋአየሁ