መብራት በገባለት ኮፈን ውስጥ ስላልተቀመጠው ተሳፋሪ

ለተከበሩ አቶ ራግንቫልድ ሼርንክቪስት፣
የታልቫትነት የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤

ይህች ደብዳቤ በአካባቢያችን ጋዜጣ የአንባቢያን ገጽ ላይ ስትደርስዎ ወገብዎ ከሕመም፣ ጓንትዎ ከቀዳዳ ተጠብቆ እንድታገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለውሻዎና ለቀይ እስክሪብቶዎም ጤና ይስጥልኝ።

ቲራ ኦከርብሉም እባላለሁ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ክረምት ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል፤ ነገር ግን ድምፄን አንድም ጊዜ ስላልሰሙት ላያስታውሱኝ ይችላሉ። የማላውቀው ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን ቅንድቡን አንሥቶ ስለማያየኝ፣ እርስዎም ሲያነቡ ቅንድብዎ ስለማይታየኝ፣ ዛሬ ትንሽ ልናገር።

ጉዳዩ የግራጫዋ ኤፓዬ፣ ማለትም በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲነዳት ወደ ትራክተርነት የተለወጠችው መኪናዬ ጉዳይ ነው። ሬዲዮና የሚሞቅ ወንበር ቢኖራትም፣ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትሮጥ ከታሰረችና የዝግታ ምልክት የሆነው ቀዩ ሦስት ማዕዘን ከኋላዋ ከተለጠፈባት ጀምሮ በሕግ ፊት ትራክተር ናት። በዚህ ቅሬታ የለኝም። እኔም በሕግ ፊት ተማሪ ነኝ፤ ሁላችንም የተጻፈብንን እንሆናለን።

በዚህች ትራክተር ጠዋት ጠዋት ወደ ጉንቮር ሊንድማርክ የከብት እርባታ እሄድ ነበር። ከቤታችን ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ አውቶቡሱ ባለፈው ጸደይ ቀርቷል። ከሒሳብ ጋር ስላልተስማማን ወደ ሌላ ትምህርት መግባት አልቻልኩም፤ በእጄ ያለው ዕድል እዚያ የማደርገው የሥራ ልምምድ ብቻ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። እርስዎ ኤፓዬ እንዳትነዳ ካገዱ ወዲህ ሁለት ጊዜ አርፍጃለሁ።

አሁን፣ በትሕትና፣ ወደ መብራቱ ልምጣ።

በኤፓዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ኮፈን ውስጥ እንደ ፕላስተር የሚለጠፍ አምስት ሜትር የኤልኢዲ መብራት የገጠምኩት ለጌጥ አይደለም። በኦክቶበር መጨረሻ፣ በጨለማ፣ ከሁለት ተመሳሳይ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮዎች አንዱን አንሥቼ ቤተ ክርስቲያን አስገባሁ። በአንዱ እናቴ የጋገረችው የቀረፋ ዳቦ ነበር፤ በሌላው ለናሙና የተሰጠኝ የጥጃ መኖ። የመዘምራኑ ቡና ላይ የቀረበው መኖው ነበር። የእኛ ሰው የቀረበለትን አይመልስም፤ ዐሥራ አራት ሰዎች መኖውን በማንኪያ እየወሰዱ አላመጡት፤ አንዷ ሴትዮ "ለአንጀት ጥሩ እንደሆነ ያስታውቃል" አሉ፤ ሽማግሌው ቤንግት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ወሰዱ። ጥጆቹ ደግሞ የቀረፋውን ዳቦ በልተው፣ ይደገመን ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ከበሩ ሥር አልተነሡም።

እናቴ በማግስቱ "አንቺ ልጅ፣ ወይ መብራት ግዢ ወይ ሃይማኖት ቀይሪ" አለችኝ። መብራት ገዛሁ። ምልክቱ ካለበት ቦታ በመቀስ ቆረጥኩ፤ ኮፈኑን በአልኮል ጠርጌ በአራቱም ጠርዝ ለጠፍኩ፤ ሽቦውን ከድሮዋ ትንሽ አምፖል ጋር በፊውዝ በኩል አገናኘሁ። ኮፈኑ ሲከፈት ይበራል፤ ሲዘጋ ይጠፋል። በሕይወቴ እንዳሰብኩት የሠራልኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ያን ቀን ቢያንስ ሃያ ጊዜ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ኖቬምበር ዐሥራ ስምንት ቀን ኮፈኔን ከፍተው፣ ሲበራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ "እዚህ ውስጥ ማነው የሚቀመጠው?" ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄው በጣም ስላስደነገጠኝ መልስ አልሰጠሁም። እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት እስከ ዐሥር ያህል ቆጥረው፣ "እሺ፣ ዝም ማለትሽን ጽፌዋለሁ" አሉ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል በቃል ይህ ነው፦ "የኋላ ኮፈኑ እንደ ክፍል መብራት ተገጥሞለታል፤ ተሳፋሪ መኖሩን ባለቤቷ አልካደችም።" በትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ ማንም እንደ መልስ ቆጥሮልኝ አያውቅም። እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ቀጥሎም ለተሳፋሪው የደህንነት ቀበቶ እስኪገጠምለት ድረስ፣ ወደ ጣቢያዎ ለመምጣት ካልሆነ በቀር፣ ኤፓዬ እንዳትነዳ አገዱ።

፪. ሌላ ልጅ ብትሆን ትከራከር ነበር። እኔ መከራከር ስለማልችል ቀበቶ ገጠምኩ። ከአሮጌ መኪና መጣያ ያገኘሁትን በአራት ብሎን አሠርኩት። ኖቬምበር ሃያ ስድስት ቀን ቀበቶውን በጣትዎ ሁለት ጊዜ ጎትተው "ጥብቅ ነው፣ ጎበዝ!" ስላሉኝ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየም፤ ወንበር የሌለው ቀበቶ ትርጉም እንደሌለው፣ ወንበር ከተደረገ ደግሞ ፊቱ ወደ ኋላ ስለሚሆን ለትራክተር ያልተፈቀደ ሁለተኛ የመቀመጫ ረድፍ እንደሚፈጠር፣ ተሳፋሪውም ከውስጥ የሚከፈት በር እንደሚያስፈልገው አስረዱኝ። "እዚያ የሚቀመጠው ሰው እሳት ቢነሣ በምን ይውጣ? ለሰው አታስቢም እንዴ?" አሉኝ።

አስቤ ነበር። ያን ዕለት ማታ ስለዚያ ሰው በእውነት አሰብኩ። ማን እንደሆነ፣ እግሩን የት እንደሚያደርግ፣ ጠዋት ጠዋት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ እያየ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው። ትንሽ እኔን መምሰል ጀመረ።

ለጉንቮር ስነግራት ባልዲዋን አስቀምጣ "ቲራዬ፣ ይሄ ሰውዬ የሚመረምረው መኪና ነው ወይስ መናፍስት?" አለች። እርስዎን ለመዝለፍ አይደለም፤ ትከሻዋን ስለሚያማት ነው። እኔ ሳረፍድ ዐሥራ ዘጠኙን ጥጃ ብቻዋን በጡጦ ታጠባለች። "ሌላ ልጅ ቢልኩልኝ ይሄዳል እንጂ ይሠራል አልልም፤ ጥጆቹ እኮ የለመዱት አንቺን ነው። እኔን ሲያዩ ቀረጥ ሰብሳቢ እንዳየ ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ" ስትል ወደ ሌላ በኩል ዞሬ የመኖውን ጆንያ አስተካከልኩ፤ ቀድሞም የተስተካከለ ነበር።

፫. ቀበቶውን እዚያው ፈትቼ ካነሣሁት በኋላ ለቀሩት አራት ቀዳዳዎች "የቀድሞ መቀመጫ ምልክት" የሚል ማዕረግ ስለሰጡልኝ አመሰግናለሁ።

፬. በመጨረሻም በስልክ "ሥሩ መብራቱ ነው፤ መብራቱን አንሺው፣ ሁሉም ያልቃል" አሉኝ። ሙጫው ቀለሙን ይዞ እየመጣ፣ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ፣ አምስቱንም ሜትር አነሣሁ። ዲሴምበር አራት ቀን፣ በተሰጠኝ ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢዎ ደረስኩ። እርስዎም እኔም በዚህ አገር ስለምንኖር ሰማዩ በክረምት በዚያ ሰዓት ምን ያህል እንደሚጨልም መንገር አያስፈልገኝም። የግቢው መብራት ተበላሽቷል፤ የምርመራው አዳራሽም በአንድ ከባድ መኪና ተይዞ ነበር። ኮፈኑን ከፈቱት። ጎንበስ አሉ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

"ምንም አይታየኝም" አሉ።

ምንም አለመታየቱ መብራቱ መነሣቱን የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ይህን በአፌ ማለት ስላልቻልኩ ስልኬን አውጥቼ አበራሁልዎት። ያን ጊዜ እጅዎን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግተው "ኧረ አጥፊው! ይሄም እኮ ኮፈን ውስጥ የገባ መብራት ነው!" አሉ። አጠፋሁት። ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን ጨለማውን አየነው። እርስዎም ወረቀቱ ላይ "ከጨለማ የተነሣ መብራት አለመኖሩን ማረጋገጥ አልተቻለም" ብለው ጻፉ፤ በቀን ብርሃን እንድመለስም አዘዙኝ። ቀጠሮ ስጠይቅ የተላከልኝ መልእክት ግን ኤፓዎች ከእንግዲህ የሚታዩት ሐሙስ ብቻ ሆኖ፣ ያውም ከቀትር በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ይገልጻል። በእኛ ሰማይ በዚያ ሰዓት የቀን ብርሃን የሚገኘው ገና በፌብሩዋሪ ነው።

እስከዚያ በእግር በሚገፋው የበረዶ ወንበር እሄዳለሁ። ሁለት ብረት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የምትገፋ ልጅ። ወንበሩ ላይ የጥጆቹን ጡጦ አስቀምጣለሁ። በደህና ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ አሸዋ የተበተነበት መንገድ ሲያጋጥመኝ ግን ብረቱ አልንሸራተት ሲል ተሸክሜው ስለምሄድ ስንት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የማዘጋጃ ቤቱ የአሸዋ መኪና አንድ ጠዋት ከቀደመኝ ሦስተኛው ማርፈድ ያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልምምዱም ጥጆቹም የሌላ ሰው ናቸው። እኔም ቤት እቀመጣለሁ። እዚያ ደግሞ ማንም ጥያቄ ስለማይጠይቀኝ ድምፅ እንዳለኝ ቀስ በቀስ የምረሳው ይመስለኛል።

ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ከፊታችን ባለው ሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ካለች በፀሐይ፣ ከሌለች በደመና፣ ኮፈኑን እንደገና እንዲያዩልኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄዎንም እንዲደግሙልኝ እለምናለሁ። መልሱን ስለማመድ ሰንብቻለሁ። በየቀኑ ጠዋት ዐሥራ ዘጠኙም ጥጃ ፊት እየቆምኩ፣ በየስማቸው እየጠራሁ፣ ጮክ ብዬ "ማንም አይቀመጥም" እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ከእናቶቻቸው አንዷ እንኳ ቀና አላለችም ነበር። ትናንት ጉንቮር ከጎተራው ማዶ ሆና "ሰምተናል፣ ቲራ! ሰምተናል!" ብላ ጮኸች። እርስዎ ከእርሷ ይልቅ ይቀርባሉ፤ ይሰማዎታል ብዬ አምናለሁ።

ለሕዝቡ ደህንነት ሲሉ ከሌለ ሰው ሕይወት እንኳ ዓይንዎን ስላልነቀሉ የማመሰግንዎ፣ በሦስተኛው ማርፈድ ጫፍ ላይ የቆምኩ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ቲራ ኦከርብሉም
የአንዲት ግራጫ ትራክተር ባለቤት፣ ታልቫትነት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በኋላ፣ በጨለማ፣ በሱቁ መኪና ማቆሚያ፣ በራስዎ መኪና ኮፈን ውስጥ እስከ ወገብዎ ገብተው፣ ስልክዎን በጥርስዎ ነክሰው እያበሩ፣ የሆነ ነገር ሲፈልጉ አየሁዎት። ልረዳዎት ቀርቤ ነበር። በኋላ ግን ግማሽ ሰውነትዎ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ ቀበቶም ያላሰሩ መሆንዎን ሳይ፣ ወረቀት ላይ ምን ብዬ እንደማሰፍርዎ ስለቸገረኝ ዝም ብዬ አለፍኩ። ዝም ማለቴን እንደለመዱት ይጻፉት።